«ምንጩን አጣራ» ማለት ብቻውን አይበቃም

ቻት ጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ብቅ ካለ ወዲህ፣ እዚህ ሲያትል የሚገኘውን የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት አዲስ ሥራ ተጨምሮባቸዋል። ተማሪው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በኃላፊነት እንዲጠቀም ማስተማር። ምክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ በማሽኑ መጠቀምህን አትደብቅ፤ የግል ምስጢር አታስገባበት፤ የጠቀሰልህን መጽሐፍና ጥናት ሁሉ ካታሎግ ላይ ፈልገህ አረጋግጥ።

ምክሩ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቻት ጂፒቲ ፈጥሮ የሰጣቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ለኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያቀረቡ ጠበቆች 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የእኔ ቅሬታ ምክሩ በእንግሊዝኛ ልክ ብቻ የተሰፋ መሆኑ ላይ ነው።

አንድ የእኛ ልጅ ስለ ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይጽፋል እንበል። በተማረው መሠረት ካታሎጉን ይከፍታል። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ግን የአማርኛን ርእስ የሚመዘግቡት የራሱ ሕግ ባለው የላቲን አጻጻፍ ነው፤ በዚያ ሕግ «ቀ» የሚጻፈው በ«ኪው» ነው። ልጁ ደግሞ ሁላችንም በኢሜይል እንደምንጽፈው በ«ኬ» ይፈልጋል። ላያገኝ ይችላል። ታዲያ በ1958 ዓ.ም. የታተመው፣ ወላጆቹ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምተው ያደጉት መጽሐፍ «ማሽኑ የፈጠረው» ሊባል ነው ማለት ነው?

የስሙም ነገር እንዲሁ ነው። ማሽኑ የፈረንጅን ልማድ ተከትሎ የአባትን ስም ሊያስቀድም ይችላል፤ ካታሎጉ ደግሞ ኢትዮጵያዊን ደራሲ፣ እንደሚገባው፣ በራሱ ስም ነው የሚያስገባው።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ብዙ እውነተኛ የአማርኛ መጻሕፍት በአሜሪካ ካታሎግ ውስጥ ጨርሶ የሉም። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚለው መልስ እውነተኛውን ከፈጠራው አይለይም። ለእንግሊዝኛ ወንፊት የሆነው ዘዴ ለአማርኛ ቀዳዳ ሆነ ማለት ነው።

ማሽኑ ከጽሑፍ ክምችት ቀጣዩን ቃል የሚገምት መሣሪያ እንደመሆኑ፣ ጥቂት ባነበበበት ቋንቋ ይበልጥ ይስታል፤ ድፍረቱ ግን አይቀንስም። ይህን አደጋ ያመለከተ የለም እንዳይባል፣ የዚሁ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ሊቅ ኤሚሊ ቤንደርና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ እነዚህ ማሽኖች ትርጉም ሳይገባቸው ቃላት የሚገጣጥሙ በቀቀኖች መሆናቸውንና ጥቅማቸውም ለሁሉም ቋንቋ እኩል እንደማይዳረስ አስጠንቅቀው ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? መፍትሔው የሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት አይደለም። በመመሪያው ላይ አንድ ገጽ ይጨመር፦ የግዕዝ ፊደል በካታሎግ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳይ ሠንጠረዥ፣ ስለ ኢትዮጵያውያን ስም አጭር ማብራሪያ፣ እንዲሁም «አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ባለሙያ ጠይቅ» የሚል ማሳሰቢያ። ከዚያም የሚጠየቅበት አድራሻ። ስድስት ኪሎ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ተቀዳሚው በር ነው።

ይህን ማንም አስቦ አይሰጠንም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። በሲያትልና በአካባቢዋ ልጆቻችንን ዩኒቨርሲቲ የምናስተምር ወላጆች፣ እንዲሁም ተማሪዎቹ ራሳቸው፣ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያዎች ቀርበን እንጠይቅ። በየቤታችን መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጡትን መጻሕፍትም ካታሎግ ውስጥ እንዲገቡ እናበርክት። አለዚያ የልጆቻችን ልጆች ስለ ራሳቸው ታሪክ የሚጠይቁት በቀቀኑን ብቻ ይሆናል፤ ሲዋሻቸው የሚያርሙበትም አይኖራቸውም።

ቸር ይግጠመን።