የቋንቋ እርማትና የጥናት ባለቤትነት፦ በክፍያ የሚሰጥ የእርማት አገልግሎት ሲመረመር

በኢትዮጵያ የሕክምናና የጤና ሳይንስ ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። መረጃውን የሚሰበስበው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የአካባቢው ቋንቋ ጠይቆ ነው። ታካሚው የተናገረውን ሰምቶ፣ በመጠይቅ ላይ አስፍሮ፣ ወደ ቁጥር ለውጦ፣ በመጨረሻም በሌላ ቋንቋ መተንተን ይጠበቅበታል። በዚህ ረጅም መንገድ መጨረሻ ላይ ቋንቋውን የሚያቃናለት ሰው መፈለጉ፣ ለዚያም ሥራ ዋጋ መክፈሉ በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስነቅፈው፣ እርማት በሚባለው ሥራ ውስጥ ምን እንደሚከናወን ተማሪው፣ አራሚውና አማካሪው ሳይስማሙበት ጽሑፉ ለፈታኝ መቅረቡ ነው።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ የሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናይጀል ሃርዉድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት፣ አንድን ደከም ያለ የማስተርስ ተማሪ ጽሑፍ 14 አራሚዎች እንዲያርሙት አድርጎ ሥራቸውን አነጻጽሯል። ከሁሉ ያነሰ የነካው አራሚ 113 ጊዜ፣ ከሁሉ የበለጠ የነካው 472 ጊዜ በጽሑፉ ጣልቃ ገብቷል። አንዳንዶቹ ሐሳቡንና መከራከሪያውን ስለማሻሻል ረዘም ያለ አስተያየት ሲሰጡ፣ ሌሎቹ ከቋንቋው ላለመውጣት ተጠንቅቀዋል። የተማሪውን ስሕተት ሳያርሙ አልፈው አዲስ ስሕተት የጨመሩም ተገኝተዋል። ስለዚህ «ጽሑፉ ታርሟል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ጥናቱ ውሱንነት አለው፤ መሠረቱ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ አራሚዎቹም ጥቂት ናቸው። ለጤና ባለሙያ ግን ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር፣ የጣልቃ ገብነት ብዛት የጉዳት መለኪያ አለመሆኑ ነው። 472 ጊዜ ነጠላ ሰረዝና መስተዋድድ ያቃና አራሚ ጥናቱን ለባለቤቱ እንዳለ ይመልስለታል። አንድ ግሥ ብቻ የለወጠ አራሚ ግን ድምዳሜውን ሊለውጠው ይችላል።

ለምሳሌ በአንድ ወቅት ብቻ መረጃ የሚሰበሰብበትን፣ ክሮስ ሴክሽናል የሚባለውን ጥናት መውሰድ ይቻላል። ተማሪው «በቤት ውስጥ በእንጨት በማብሰልና በሕፃናት ሳል መካከል ተዛምዶ ታይቷል» ብሎ የጻፈውን፣ አራሚው ዐረፍተ ነገሩ ጠንከር እንዲል ሲል «በእንጨት ማብሰል በሕፃናት ላይ ሳል ያስከትላል» ቢለው፣ ሰዋስዉ አምሯል፤ ጥናቱ ያላረጋገጠው ነገር ግን ተነግሯል። ቃል እንዳይደጋገም ሲባል ፕሪቫለንስ በነበረበት ቦታ ኢንሲደንስ ቢገባ፣ በአንድ ወቅት ታመው የተገኙት ሁሉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አዲስ እንደተያዙ ይቆጠራሉ። «ጉልህ ልዩነት አልታየም» የሚለው «ሁለቱ መድኃኒቶች እኩል ናቸው» ተብሎ ቢቃና ደግሞ፣ በናሙናው ማነስ ምክንያት ሳይታይ የቀረ ልዩነት ጭራሽ እንደሌለ ይወሰዳል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ቀጣዩ ተማሪ ይጠቅሰዋል፤ ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያም ሊያነበው ይችላል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ጉዳይ የታካሚው ምስጢር ነው። ተማሪው ለአራሚ የሚልከው ፋይል የካርድ ቁጥር፣ የመኖሪያ ቀበሌ ወይም የአንድን ያልተለመደ ሕመም ዝርዝር ታሪክ ይዞ ሊሆን ይችላል። ታካሚው ፈቃዱን የሰጠው ለጥናቱ ባለቤት እንጂ ለጽሕፈትና ኮፒ ቤት ሠራተኛ አይደለም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም እስከዚያ አይደርስም።

ነውሩ ክፍያው ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህ አቋም አያስኬድም። አማካሪው በነፃ ምዕራፉን እንደገና ቢጽፍለት፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ውይይቱን ቢያደራጅለት፣ ገንዘብ አልተከፈለም ተብሎ ጥናቱ የተማሪው አይሆንም። ዘመድም ሆነ ጊዜ ያለው አማካሪ የሌለው ተማሪ ከፍሎ ሰዋስዉን ማስተካከሉ ደግሞ ከሌሎቹ የባሰ በደል ሊሆን አይችልም። ሆኖም ክፍያ አንድ አደጋ ይጨምራል፦ አራሚው ደንበኛው እንዲያልፍለት ይፈልጋል፤ ስለዚህ «ይህ ድምዳሜ ከሠንጠረዡ ጋር አይስማማም» ብሎ ከመመለስ ይልቅ እንዲስማማ አድርጎ መጻፍ ይቀለዋል።

ድንበሩን ለማስመር የሞከሩ አሉ። የአውስትራሊያ የአርታዒያን ማኅበር ለመመረቂያ ጽሑፎች ባወጣው መመሪያ፣ አርታዒው ቋንቋን እንዲያርም ይፈቅዳል፤ በይዘትና በአወቃቀር ላይ ግን ችግሩን ከመጠቆም አልፎ መፍትሔውን እንዳይጽፍ ይከለክላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ለተማሪ በክፍያ ሥራውን መሥራትን ወንጀል አድርጋለች፤ የቋንቋ እርማትን ግን አልከለከለችም። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴም የቋንቋ አርታዒንና አራሚን ከደራሲነት ለይቶ፣ በምስጋና ክፍል እንዲጠቀሱ ይመክራል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደራሲ ከሚያሟላቸው 4 መስፈርቶች አንዱ ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ መሆን ነው። ይኸው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተረዳ ደራሲ ይህንኑ እንዲገልጽ ጠይቋል። አራሚው ሰውም ይሁን ማሽን ጥያቄው ያው ነው፦ ለተለወጠው ዐረፍተ ነገር የሚጠየቀው ማነው?

በመሆኑም ለተማሪው የሚበጀው መንገድ ግልጽ ነው። የታካሚን ማንነት የሚያሳይ መረጃ ሁሉ ከፋይሉ ሳይወጣ ለእርማት አይላክ። አራሚው የለወጠው እያንዳንዱ ነገር ምልክት ተደርጎበት ይመለስ፤ ተማሪውም ከሠንጠረዦቹ ጋር እያስተያየ አንድ በአንድ ይቀበል ወይም ይጣል። የተደረገለትን እርዳታ በምስጋናው ገጽ ይጥቀስ። ትምህርት ክፍሎችም የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ዛሬ ብዙው ተማሪ የሚሳሳተው ደንብ ጥሶ ሳይሆን ደንብ አጥቶ ነው።

ከሁሉ በላይ ፈታኞች ራሳቸውን መጠየቅ አለባቸው። የጥናቱን ዘዴ ሳይመረምር በእንግሊዝኛው ጉድለት ነጥብ የሚቀንስ ፈታኝ፣ ተማሪውን ወደ አራሚው ደጅ የሚገፋው እሱ ነው። ተመራቂው በቃል ፈተናው ላይ ከድምዳሜው አንዱን ዐረፍተ ነገር በሚቀናው ቋንቋ እንዲያስረዳ ቢጠየቅ፣ ጥናቱ የማን እንደሆነ በጥቂት ደቂቃ ይታወቃል።