ቡድን የሚሠራው ክረምት ላይ ነው

አዳማ ላይ ስለ እግር ኳስ የማይከራከር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ፍራንኮ አካባቢ ካፌ ገብታችሁ ያዘዛችሁት ማኪያቶ እስኪመጣ ድረስ አጥቂው ለምን እንደሳተ፣ ዳኛው የቱ ጋ እንደበደለን፣ አሰልጣኙ ማንን አውጥቶ ማንን ማስገባት እንደነበረበት ሰምታችሁ ትጨርሳላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ ተጫዋቾቹን መርጦ ያስፈረመው ሰው ግን ከወሬው ውጭ ነው። እሱ የሚነሳው ቡድኑ ወራጅ ቀጠና ሲገባ፣ «እነዚህን ማን አመጣብን?» ሲባል ብቻ ነው።

እኔ ከጨዋታው እኩል የዚያን ሰው ሥራ ማየት እወዳለሁ። በእኛ ክለቦች ይህ ሰው አንድ መጠሪያ የለውም። ሥራ አስኪያጁ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ዋናው አሰልጣኝ ራሱ ነው፤ በከተማ ክለቦች ደግሞ ገንዘቡ ከከተማ አስተዳደሩ ስለሚመጣ የቦርዱ ቃል ይከብዳል። ስለዚህ መፍረድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው ምርጫው የማን እንደነበር ነው። ያልመረጣቸውን ተጫዋቾች ይዞ የተሸነፈ አሰልጣኝን ማባረር፣ ገበያ የወጣው ሰው የነቀዘ እህል ገዝቶ ሲመጣ ጋጋሪዋን እንደመቆጣት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ለ2016 ዓ.ም. ውድድር ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አብረው አደጉ። ንግድ ባንክ በአሰልጣኝ በፀሎት ልዑልሰገድ እየተመራ በመጣበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ። ሻሸመኔና ሀምበሪቾ ተመልሰው ወረዱ። የደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ ያነበበ ሰው አንድ ብልህና ሁለት ሰነፍ ቤት ያያል። ነገር ግን አንደኛው ከጀርባው የአገሪቱ ትልቁ ባንክ አለ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከመንገድና ከውኃ ጋር በአንድ በጀት የሚሻሙ ናቸው። ለሻሸመኔ የሚገባው ጥያቄ «ለምን ዋንጫ አልወሰድክም?» አይደለም። ያደገ ክለብ ክረምቱ ሲገባ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ ያሳደጉትን ልጆች ይዞ መቀጠል፣ ወይም ሊጉን የሚያውቁ ተጫዋቾችን ማምጣት። ሁለቱም ያዋጣሉ። የማያዋጣው ሳይወስኑ መቆየትና መስከረም ሊጠባ ሲል ከሌላ ክለብ የተረፈውን መሰብሰብ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ የማንኛውንም የስምጥ ሸለቆ ከተማ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ስመዝን ከሰንጠረዡ በፊት ፊርማዎቹ የተፈረሙበትን ቀን አያለሁ። በሐምሌ የተፈረመ ተጫዋች ታስቦበታል። የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል የተፈረሙ ሰባት ተጫዋቾች ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል የሚለውን ያስታውሱኛል።

ገንዘብ ያለው ሁሉ ግን ዋንጫ አያነሳም፤ የንግድ ባንክን ሥራ በብር ብቻ ማስረዳት ድካማቸውን መካድ ይሆናል። ክለቦቹ ራሳቸው በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ጣሪያው ለሁሉም እኩል ሲሆን ልዩነቱ የሚመጣው ማንን በምን ዋጋ ማምጣት እንደሚገባ ከሚያውቅ ዓይን ነው።

ይህን ክርክር አሜሪካኖች በቤዝቦላቸው ከሃያ ዓመት በላይ ሲከራከሩት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የኦክላንድ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ቢሊ ቢን ለተጫዋቾቹ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር እየከፈለ፣ 125 ሚሊዮን ገደማ ከሚከፍለው የኒውዮርክ ያንኪስ ጋር እኩል 103 ጨዋታ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በመጣው የዋንጫ ፍልሚያ ግን በመጀመሪያው ዙር በሚኒሶታ ተሸንፎ ወጣ። ከፊሉ «ዋንጫ ያላመጣ ምን ሠራ ይባላል?» ይላል፤ ከፊሉ ደግሞ የአምስት ጨዋታ ውጤት የዓመቱን ሥራ አይሽርም ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። እዚያ አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጊዜ ይጫወታል፤ ዕድል መጥታም ሄዳም ትስተካከላለች። አሥራ ስድስት ክለቦች በነበሩት የ2016 ዓ.ም. ሊጋችን ግን አንድ ክለብ የተጫወተው 30 ጊዜ ነው። በ30 ጨዋታ ውስጥ ሁለት ጊዜ አግዳሚ የመለሰው ኳስና አንድ የተሰበረ ግብ ጠባቂ ደረጃን ያገላብጣሉ። በአንድ ዓመት ውጤት ሰውን ሊቅ ወይም ደደብ ማለት ለእኛ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ይከብዳል።

ስለዚህ ድግግሞሽን እፈልጋለሁ። አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም. ከጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 ዓ.ም. ከመቐለ 70 እንደርታ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ዋንጫ አነሱ። ሦስት ቤት፣ ሦስት ዓይነት በጀት፣ ሦስት የተለያየ የተጫዋች ስብስብ። ይህን ዕድል ነው የሚለኝ ሰው ካለ ማስረጃውን እሱ ያምጣ። ነገሩን ከክለቡ በኩል ስናየው ግን ሌላ ነው። ጅማ አባ ጅፋር ካደገ በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። አሰልጣኙ ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ክለቡ ምን ቀረው? የሥራ አስኪያጅና የቦርድ ፈተና ይህ ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ሲሄድ ቤቱ ሳይፈርስ ከቀረ ቤቱን የሠራው ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያን ሰው ፈልጋችሁ አመስግኑት።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ መካሄዱ ደግሞ ለመዛኝ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሲያስተናግድ ከድሬዳዋም ከአርባ ምንጭም የመጣው በአንድ ሣር ላይ ነው የሚጫወተው። «ሜዳችን ላይ ቢሆን ኖሮ» የሚለው ማመካኛ ቀረ። በተቃራኒው አዳማ ከተማ ከተማችን ላይ ያገኘውን ነጥብ ስንቆጥር የእኛን ጩኸት መቀነስ አለብን፤ ይህን የምለው ከጮኹት አንዱ ሆኜ ነው።

የራሳችንን ክለብ ከነካሁ አይቀር አንድ የማንወደውን ነገር ልናገር። በዚያው በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ሦስት ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ባለመኖራቸው ሊጉ በ13 ክለቦች ተካሄደ፤ አዳማ ከተማ ከግርጌ ካሉት ጋር ጨረሰ። የጎደለውን ቦታ ለመሙላት የማሟያ ውድድር ተዘጋጀና በእሱ ሊጉ ውስጥ ቀረን። ከተማው ተደሰተ፤ እኔም ተደስቻለሁ። ነገር ግን በሊጉ መቅረታችን የዚያን ዓመት የተጫዋች ምርጫ ትክክል አላደረገውም። በሩን የከፈተልን የሌሎች መከራ ነበር። መልካም ውጤት መጥፎ ሥራን ሲሸፍን ዝም ያለ ደጋፊ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ስህተት ይቀበላል።

ተቃራኒውም አለ፤ ይህን ደግሞ ከአትሌቲክሱ ልምጣበት። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ አመጣ። ታምራት መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ የገባው ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ነው። ብዙ ሰው «ወርቅ የሚያመጣውን ሰው ተጠባባቂ ያደረጉ መራጮች!» ብሎ ወቀሰ። እኔ እንዲህ አላየሁትም። ሲሳይ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የቦስተንን ማራቶን አሸንፎ ነበር፤ እሱን መምረጥ ስህተት አልነበረም። ታምራትም የ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮንና የ2023ቱ የኒውዮርክ አሸናፊ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በተጠባባቂነት መኖሩ፣ ሳምንታት ብቻ ሲቀሩ ተጠርቶ ለዳገታማው የፓሪስ ጎዳና ዝግጁ ሆኖ መገኘቱ፣ እኔ ጥሩ ቡድን የምለው ይህን ነው። ምርጥ አሥራ አንዱን ማንም ይመርጣል፤ የቡድን ሠሪ ብልሃት የሚታየው አሥራ ሁለተኛው ላይ ነው።

ደጋፊ ፈጽሞ የማያየው ሥራ ደግሞ የወረቀት ሥራ ነው። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በሰውነት ቢሻው እየተመራ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ አገር ምድሩ መንገድ ላይ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ቀደም ብሎ በቦትስዋና ጨዋታ ላይ በሁለት ቢጫ ካርድ መቅረት የነበረበት ተጫዋች መሰለፉ ታወቀ፤ ፊፋ 3 ነጥብ ቀነሰብን። ምድቡን መሪ ሆነን ብንጨርስም በመጨረሻው ፍልሚያ በናይጄሪያ ተሸነፍን። ያን ሁሉ ላብ ለአደጋ ያጋለጠው አንድ ቢጫ ካርድ አለመቁጠር ነው። ካርድ የሚቆጥር፣ የኮንትራት ማብቂያ ቀን የሚያውቅ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ በጊዜው የሚልክ ሰው ያለው ክለብ ግማሽ መንገድ ሄዷል። አንድ ክለብ የተጫዋቾች ደመወዝ ውዝፍ እንዳለበት ስሰማም አዲስ ፈራሚዎቹን መቁጠር አቆማለሁ፤ ያልተከፈለው ልጅ ጥር ላይ ልቡ ሜዳው ላይ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ዓይኔን ያስከፈቱኝ በወጣትነታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሜዳ ላይ የተጫወቱ አንድ አባት ናቸው። አበበ ቢቂላ ስታዲየም አጠገቤ ተቀምጠው የአዲስ ፈራሚዎችን ስም ስዘረዝርላቸው አቋረጡኝ።

«ማን ፈረመ አትበለኝ፣ ልጄ። ማን ሊቀመጥ ነው የፈረመው?»

«አልገባኝም፣ ጋሼ።»

«የመስመር ተከላካይ ከሌላ ክለብ ሲያመጡ ከታች ያደገው ልጅ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ያ ልጅ ከሚመጣው የባሰ ከሆነ እሺ። የተሻለ ከሆነ ግን ክለቡ ሁለት ጊዜ ከስሯል፤ ብሩንም ልጁንም።»

ከዚያ ወዲህ ታዳጊ ቡድኑን ሳላይ ስለ ዋናው ቡድን አልፈርድም። አዳማ የቡድን ሥራን በደንብ ማየት የምንችልበት ከተማ ነው፤ በሴቶቹ በኩልም። የአዳማ ከተማ የሴቶች ቡድን በ2011 ዓ.ም. የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን አነሳ። ሎዛ አበራም ከእኛ ማሊያ ወጥታ ወደ ማልታው ቢርኪርካራ ሄደች። ያን ቡድን ያሰባሰቡ ሰዎች ፎቶ በየካፌው አልተሰቀለም፤ በከተማው ግን ከዚያ የተሻለ የቡድን ሥራ አላየሁም። ትልቅ ተጫዋች አምጥተው አሸነፉ፤ ወደ ውጭ የምትሄድበት በር ሲከፈት ደግሞ ከዚህ ወጥታ ሄደች። ተጫዋች ከአንድ ክለብ ወጥቶ የት እንደሚደርስ መከታተል ስለዚያ ክለብ ከዋንጫ መደርደሪያው የበለጠ ይነግረኛል።

አሁን በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ደብተሬን አወጣለሁ። በግራ በኩል የመጣውን ተጫዋችና የፈረመበትን ቀን፣ በቀኝ በኩል በእሱ ምክንያት የሚቀመጠውን ታዳጊ እጽፋለሁ። የቀኙን ረድፍ የምሞላው ጠዋት ጠዋት ልምምድ ሜዳ ሄጄ፣ ልጆቹን በዓይኔ አይቼ ነው። ገጹ ሲሞላ ለጋሼ እደውልላቸዋለሁ፤ የግራውን ስሞች ሳነብላቸው ዝም ይላሉ፣ ቀኙ ላይ ስደርስ «ቆይ፣ ይህ ልጅ የማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው?» ማለት ይጀምራሉ።