በደኅንነት መዝገብ ላይ ስለሚደረግ የትርጉም ምልክት

የብራና ጸሐፊ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ የምዕራፉንም መጀመሪያ እንዲሁ። አንባቢ ሁለቱን የሚለየው በራሱ ዕውቀት እንጂ በቀለሙ አይደለም። ዛሬ መሐንዲሶች ለደኅንነት ሰነዶቻቸው የሚሹት ምልክት ግን ከቀለም ያለፈ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 የወጣውን ኤክስ ኤም ኤል የመሰለ ደንብ ይዘው፣ «ይህ አደጋ ነው፤ ይህ መንሥኤው ነው፤ ይህ መከላከያው ነው፤ ይህ ማስረጃው ነው» እያሉ በየክፍሉ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ «ማስረጃ የሌለው አደጋ የትኛው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ኮምፒዩተሩ ለይቶ ያወጣል።

ደጋፊዎቹ በወረቀት ብዛት የተቀበረ ጉድለት በዚህ ይገለጣል ይላሉ። አባባሉን ለመመዘን የእንግሊዝን የጦር አውሮፕላን ኒምሮድን እንመልከት። ኤክስ ቪ 230 የተባለው ኒምሮድ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2006 በአፍጋኒስታን ሰማይ በበረራ ላይ ነዳጅ ከተቀበለ በኋላ እሳት ተነሥቶበት ወደቀ፤ የነበሩበት 14 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። የሕግ ባለሙያው ቻርልስ ሃደን ኬቭ በ2009 ያወጡት የምርመራ ጽሑፍ ሁለት ጥፋቶችን ያሳያል።

አንደኛው፣ በአውሮፕላኑ የደኅንነት መዝገብ ውስጥ ብዙ አደጋዎች ውሳኔ ሳያገኙ ክፍት ቀርተው ሳለ ሥራው እንደ ተፈጸመ መቈጠሩ ነው። ይህን የትርጉም ምልክት በእርግጥ ባጋለጠው ነበር፤ ክፍት የሆነውን መቍጠር የአንድ ጥያቄ ሥራ ነውና።

ሁለተኛው ግን ይከብዳል። የጋለ አየር ቧንቧና ነዳጅ በሚቀራረቡበት ስፍራ እሳት ሊነሣ እንደሚችል በመዝገቡ ተጽፎ ነበር፤ ዳሩ ግን የመድረሱ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው ተብሎ ተገመተ። ኒምሮድ ከ1969 ጀምሮ ሲበር የኖረ ስለ ሆነ፣ መዝገቡን የሠሩትና የተቀበሉት ሰዎች ደኅና ነው ብለው አስቀድመው አምነው ነበር። በተሳሳተ ግምት ላይ «ተዘግቷል» የሚል ምልክት ቢደረግ፣ ምልክቱ ስሕተቱን አያርመውም፤ እንዲያውም የተሟላ መልክ ይሰጠዋል።

ስለዚህ እኛ አሠራሩን እንቀበላለን፤ ነገር ግን ደንቡ ጥብቅ ይሁን እንላለን። የዘጋው ሰው ስም፣ የተዘጋበት ቀንና የተመሠረተበት ማስረጃ ሳይያያዝ ማናቸውም አደጋ «ተዘግቷል» አይባል፤ ማስረጃው በተለወጠም ጊዜ እንደገና ይከፈት። እኛም ተማሪዎች የላቦራቶሪ ሪፖርት ስንጽፍ ሠንጠረዡን አሳምረን ልኬቱን ሳንመረምር የምናልፍበት ጊዜ አለና፣ ነቀፌታው ከራሳችን ይጀምር።