የተቃጠለው ኔጋቲቭ እና የማይከፈተው ዲስክ፦ የአፑ ሦስት ፊልሞች በብሉሬይ

ልጁ ከእግር እስከ ራሱ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። እህቱ መጥታ በልብሱ ላይ ባለች ቀዳዳ በኩል የዓይኑን ቆብ ገለጥ ታደርገዋለች። አንድ ትልቅ ጥቁር ዓይን ቦግ ብሎ ይከፈታል። አድጎ ትምህርት ቤት ለመሄድ የደረሰውን አፑን መጀመሪያ የምንተዋወቀው በዚህች ዓይን ብቻ ነው።

ይህን ትዕይንት መጀመሪያ ያየሁት ከሰው በተዋስኩት፣ ከስንተኛ ቅጂ እንደተቀዳ በማይታወቅ ዲቪዲ ነበር። ዓይኑ የፈሰሰ ቀለም ይመስል ነበር፤ መከፈቱን ያወቅኩት ከምስሉ ሳይሆን ከሙዚቃው ነው። ከዓመታት በኋላ ክራይቴሪዮን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ባወጣው ብሉሬይ ሳየው ግን ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይታያል። ለመሆኑ በሁለቱ ዲስኮች መካከል ምን ተፈጠረ? መልሱ ግማሹ ኬሚስትሪ ነው፣ ግማሹ ፊዚክስ። ትንሽ የሚያናድድ ንግድም አለበት።

መጀመሪያ ስለ ፊልሞቹ። የህንድ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዘፈንና ጭፈራ የሞላበት የሂንዲ ፊልም ነው። ይሄ ሌላ ነው። ሳትያጂት ራይ በቤንጋሊ ቋንቋ የሠራቸው ሦስት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች የአንድን ድሃ ልጅ ሕይወት ከመንደር እስከ ከተማ፣ ከልጅነት እስከ አባትነት ይከተላሉ፦ «ፓተር ፓንቻሊ» (እ.ኤ.አ. 1955)፣ «አፓራጂቶ» (1956) እና «አፑር ሳንሳር» (1959)። ራይ የመጀመሪያውን ሲጀምር ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራ ደግሞ የ21 ዓመት ወጣት ሆኖ የፊልም ካሜራ ነክቶ የማያውቅ ነበር። ገንዘብ ሲያልቅ የራይ ባለቤት ጌጥ ተይዞ ብድር ተወሰደ፤ በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ወጪውን ሸፈነ። ዱርጋና አፑ በነጭ አበባ መካከል ሮጠው ባቡር የሚያዩበት ዝነኛ ትዕይንት ሲቀረፅ፣ ቡድኑ ለቀሪው ክፍል ከሳምንት በኋላ ቢመለስ አበባውን ከብቶች ግጠው ጨርሰውታል። እስከሚቀጥለው ወቅት መጠበቅ ግድ ሆነ።

አሁን ወደ እሳቱ። ራይ የክብር ኦስካር የተሸለመው በ1992 ነው፤ በዚያው ዓመት አረፈ። ፊልሞቹን ለማዳን ሲባል በ1993 የበርካታዎቹ ዋና ኔጋቲቮች ወደ ለንደን ተላኩ። እዚያ በነበሩበት ላቦራቶሪ የናይትሬት ፊልም እሳት ተነሳ። ናይትሬት ማለት እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሲኒማ ፊልም ይሠራበት የነበረ ፕላስቲክ ነው። ክፋቱ ለመቃጠል የሚያስፈልገው ኦክስጅን በራሱ ሞለኪውል ውስጥ መኖሩ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ውስጥ ቢነከር እንኳ መንደዱን አያቆምም። እሳቱ ወደ ማከማቻው ተዛምቶ የራይንም ኔጋቲቮች በላ። የተረፈው ቁራጭ ወደ አሜሪካው የኦስካር አካዳሚ የፊልም መዝገብ ቤት ተጭኖ ሄደ። በወቅቱ ቃጠሎ የነካውን ፊልም ሊያባዛ የሚችል መሣሪያ ስላልነበረ ሣጥኖቹ ለሃያ ዓመት ያህል እዚያው ተቀመጡ።

ያለመጣላቸው ነገር ይገርመኛል። የከሰለ፣ የተጣመመ፣ ሲነካ የሚሰባበር ፊልም ማን ያስቀምጣል?

በ2013 ሥራው ተጀመረ። በጣሊያን ቦሎኛ የሚገኘው «ሊማጂኔ ሪትሮቫታ» ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች የደረቀውን ፊልም በኬሚካል እርጥበቱን መለሱለት። የቀለጠ ፕላስተር፣ ሙጫና ሰም በእጅ ፋቁ። ፊልሙን የሚጎትቱት የጎን ቀዳዳዎች ስለተበላሹ እንደገና ሠሩላቸው። ይህ ብቻ አንድ ሺህ ሰዓት ገደማ የእጅ ሥራ ፈጀ። ከዚያ በ4ኬ ስካን ተደረገ። ውጤቱ? ከ«ፓተር ፓንቻሊ» 40 በመቶ፣ ከ«አፓራጂቶ» ከ60 በመቶ በላይ በቀጥታ ከተቃጠለው ዋና ኔጋቲቭ ተገኘ። የቀረው ከተለያዩ መዛግብት በተሰበሰቡ ቅጂዎች ተሟላ። የሦስተኛው ፊልም ኔጋቲቭ ግን ሊድን አልቻለም፤ ሙሉ በሙሉ የተሠራው ከቅጂ ነው።

«ከቅጂ» የምትለዋን ቃል ልብ በሏት። ፎቶኮፒን እንደገና ፎቶኮፒ ስታደርጉ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ጥቁሩ ይወፍራል፣ ነጩ ዝርዝሩን ያጣል። ፊልምም እንደዚያው ነው። በዲስኩ ላይ ትኩር ብሎ ላየ ሰው፣ አንዳንድ ቦታ ምስሉ ከአንድ ቅንብብ ወደ ሌላው ሲሻገር ፊቶች ድንገት ትንሽ ይደርቃሉ፣ ጥላውም ይደፈናል። አዳሾቹ ይህን ለመደበቅ ሁሉንም በኮምፒውተር አለስልሰው አንድ ዓይነት ማድረግ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም፤ በእኔ እምነት የዚህ እትም ትልቁ ሙያ እዚህ ጋ ነው። ጠባሳውን ሳይኳኩል ቁስሉን ብቻ አከመ።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ምስል ዲስክ ላይ እንዴት ገባ? ዲቪዲም ብሉሬይም መጠናቸው ያው 12 ሴንቲሜትር ነው። ሁለቱም መረጃን በጥቃቅን ጉድጓዶች መልክ ይዘው በሌዘር ይነበባሉ። ልዩነቱ የብርሃኑ ነጥብ ስፋት ነው። ወፍራም እስክሪብቶና ቀጭን እስክሪብቶ አስቡ፤ ቀጭኑ በዚያው ወረቀት ላይ ብዙ ይጽፋል። የነጥቡ ስፋት የሚወሰነው የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት፣ ሌንሱ ብርሃኑን በሚሰበስብበት አቅም (ኒውመሪካል አፐርቸር ይባላል) ሲካፈል ነው። ዲቪዲ 650 ናኖሜትር ቀይ ሌዘርና 0.6 ሌንስ ይጠቀማል። ብሉሬይ 405 ናኖሜትር ሌዘርና 0.85 ሌንስ። (ስሙ ሰማያዊ ቢልም 405 ናኖሜትር በእርግጥ ወይን ጠጅ ነው፤ ስም አውጪዎቹ ፊዚክስ የጠየቁ አይመስለኝም።)

ሂሳቡን ራሳችሁ ሞክሩት። 650 ሲካፈል ለ0.6 ወደ 1083 ይመጣል፤ 405 ሲካፈል ለ0.85 ደግሞ 476። የመጀመሪያው የሁለተኛው 2.27 እጥፍ ነው። ነጥቡ ግን ወርድም ቁመትም ስላለው 2.27ን በራሱ እናባዛለን፦ 5.2 ገደማ። የዲቪዲ አንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። 4.7 ሲባዛ በ5.2፣ 24 ጊጋባይት ተኩል አካባቢ። የብሉሬይ አንድ ንብርብር የሚይዘው ስንት ነው? 25። የመላው ቴክኖሎጂ እድገት ከሞላ ጎደል በዚህች አንድ ማካፈል ውስጥ ተጠቃሏል ማለት ነው።

ታዲያ ቦታው ለምን ያስፈልጋል? ለቅንጣቱ። የፊልም ምስል የተሠራው በዘፈቀደ ከተበተኑ የብር ቅንጣቶች ነው፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ ያለ ጥላ እንኳ በየሰከንዱ 24 ጊዜ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ቪዲዮን የሚያሳንሱ ዘዴዎች ደግሞ የሚኖሩት በመደጋገም ላይ ነው፦ «ይህ ክፍል ካለፈው ምስል ጋር አንድ ነው፣ አትድገመው» እያሉ ቦታ ይቆጥባሉ። የሚንቀጠቀጥ ቅንጣት ሲያጋጥማቸው ምርጫቸው ሁለት ነው፤ ብዙ መረጃ ማውጣት ወይም ቅንጣቱን ማጥፋት። በኢንተርኔት የሚለቀቅ ባለ 1080 መስመር ፊልም ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ5 እስከ 8 ሜጋቢት ገደማ ስለሚመደብለት ያጠፋዋል። የብሉሬይ ምስል እስከ 40 ሜጋቢት ይፈቀድለታል። የአሮጊቷ፣ የኢንዲር ታክሩን፣ ፊት በዝቅተኛ መረጃ ሲታይ ሰም የተቀባ ይመስላል። እዚህ ግን መጨማደዱ አለ፣ ላቡ አለ፣ ዕድሜው አለ።

ምርጥ ፈተናው ግን «አፓራጂቶ» ውስጥ ነው። እናቲቱ ሳርባጃያ ታማለች፤ ልጇ ከከተማ አልመጣም። በምሽት ደጅ ወጥታ ስትጠብቅ በኩሬው ጨለማ ላይ እሳት ትሎች ብልጭ ድርግም ይላሉ። እውነተኛ እሳት ትል በዚያ ዘመን ፊልም ለመቅረፅ ብርሃኑ አይበቃም ነበርና ጥቁር የለበሱ ሰዎች ትናንሽ አምፖሎች ይዘው በጨለማ ተንቀሳቅሰው የሠሩት ነው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ እንኳ ያሳምናችኋል። ደካማ ቅጂ ላይ ጨለማው ወደ ግራጫ አራት ማዕዘኖች ይቆራረጥና ብርሃኖቹ እንከን ይመስላሉ፤ ተመልካቹ እናቲቱ የምታየውን ሳይሆን የተበላሸ ፋይል ያያል። ብሉሬዩ ላይ ጨለማው ጨለማ ሆኖ ይቆያል። አንዲት እናት ብቻዋን የምትሞትበት ሌሊት ስለሆነ የጥራት ጉዳይ እዚህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ስለ ድምፁም አንድ ነገር። በአውሮፓም በእኛም አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት የነበረው ፓል በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል፤ ፊልም የሚቀረፀው ግን በ24 ነው። ለፓል የተሠሩ ዲቪዲዎች ችግሩን የሚፈቱት ፊልሙን በማፍጠን ነው። የ125 ደቂቃው «ፓተር ፓንቻሊ» በ120 ደቂቃ ያልቃል ማለት ነው። ድምፁ ሳይስተካከል ከቀረ ደግሞ የራቪ ሻንካር ሙዚቃ ከግማሽ ድምፅ ትንሽ ባነሰ መጠን ይቀጥናል። አባትዬው ከሄደበት ተመልሶ የልጁን ሞት ሲሰማ የእናቲቱን ዋይታ አንሰማም፤ በምትኩ አንድ የአውታር መሣሪያ ይጮኻል። ያ ጩኸት በትክክለኛው ውፍረቱ ከሆነ ሰውነት ይወርራል። ብሉሬይ 24ን እንዳለ ስለሚያጫውት ችግሩ እዚህ የለም።

እስካሁን አመሰገንኩ፤ አሁን ወቀሳ። በ2024 አሳታሚው ያንኑ እድሳት በ4ኬ ዲስክ ደግሞ አወጣ። የምስሉ ነጥቦች በአራት እጥፍ በዙ። ለሁለቱ የመጀመሪያ ፊልሞች፣ ከዋናው ኔጋቲቭ በተገኙት ክፍሎች፣ ጥቅሙ ይታያል፤ የባቡሩ ጭስና የአበባው ነጭ ተለይተው ይወጣሉ። «አፑር ሳንሳር» ግን ሙሉ በሙሉ ከቅጂ የመጣ ነው፤ እዚያ ያልነበረን ዝርዝር ሌዘር አይፈጥረውም። ብሉሬዩ ካላችሁ ለእሱ ሲባል ሁለተኛ መክፈል አይታየኝም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። የ2015ቱን ሳጥን አዲስ አበባ ባለ ማጫወቻ ውስጥ ብትከቱት አይከፈትም። ዲስኩ አልተበላሸም፤ ለ«ክልል ኤ» ተቆልፎ ነው። ብሉሬይ ዓለምን በሦስት ይከፍላል፦ አሜሪካና ጃፓን ኤ፣ አውሮፓና አፍሪካ ቢ፣ ህንድ ደግሞ ሲ። (በዲቪዲ ዘመን እኛና ህንድ አንድ ላይ ክልል 5 ነበርን።) ቁልፉ የተፈጠረው አዲስ ፊልም በአንዱ አገር ሲኒማ ቤት ሳይደርስ ዲስኩ ከሌላ አገር ቀድሞ እንዳይገባ ነው። ይህ ለአዲስ ፊልም ምክንያት ሊሆን ይችላል። በ1955 ለወጣ ፊልም ግን ማን ይቀድመዋል ተብሎ ነው? አሳታሚው የመሸጥ መብት የገዛው ለሰሜን አሜሪካ ብቻ ስለሆነ ነው ይባላል፤ ገባኝ፣ የንግድ ሕግ ነው። ግን ቤንጋል ተቀርፆ፣ ለንደን ተቃጥሎ፣ ቦሎኛ ታክሞ፣ ኒው ዮርክ የታተመ ፊልም በቤንጋል ማጫወቻ አይከፈትም።

የ4ኬ ዲስኮች የክልል ቁልፍ የላቸውም፤ ይህ የዚህ ቅርፀት ትልቁ ውለታ ነው፣ ከነጥቦቹ ብዛትም ይበልጣል። ነገር ግን በ2024ቱ ሳጥን 4ኬ ዲስኮቹ ላይ ያሉት ፊልሞቹ ብቻ ናቸው። የአዋቂውን አፑ ሆኖ የተወነው ሱሚትራ ቻተርጂና ሚስቱን የሆነችው ሻርሚላ ታጎር የሰጡት ቃለ መጠይቅ፣ እንዲሁም የቃጠሎውንና የእድሳቱን ታሪክ የሚያሳየው አጭር ፊልም ያሉት አብረው በታሸጉት ብሉሬዮች ላይ ነው። ስለዚህ ኮልካታ ያለ ተማሪ 4ኬ ማጫወቻ ካገኘ ፊልሞቹን ያያል፤ የራሱ ከተማ ተዋናዮች ስለ ፊልሞቹ የሚያወሩትን ዲስክ ሲከት ግን ማጫወቻው «የክልል ስህተት» ብሎ ይተፋዋል።