ምክንያትና ውጤት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለሱ

እንግሊዝኛ በዕለት ተዕለት ንግግር ምክንያትን ከውጤቱ በፊትም ሆነ በኋላ ያስቀምጣል። አማርኛ ግን እንደ ደንቡ ምክንያቱን አስቀድሞ በማሰሪያ አንቀጽ ይደመድማል። ተርጓሚዎቻችን ይህን ልዩነት በቃላት ብዛት ሊሞሉት ሲሞክሩ እናያለን።

የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም እንውሰድ። ስፍራው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ይህን «የውሃው መሸሽ ደሴቱ ከየብስ ጋር እንዲገናኝ ምክንያት ሆነ» ብሎ መተርጐም ስሕተት ባይሆንም ጐርባጣ ነው። «ውሃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ተገናኘ» ቢባል ቦዝ አንቀጹ ይበቃል። እንዲሁም «ዝናቡ እንድንዘገይ አደረገን» ከማለት «ዝናቡ አዘገየን» ማለት ይሻላል፤ «አ» ብቻዋን አድራጊነትን ታሳያለችና።

ይሁን እንጂ ማሳጠር ሁልጊዜ አያዋጣም። ቦዝ አንቀጽ የድርጊትን ቅደም ተከተል እንጂ ምክንያትን የግድ አያመለክትም፤ ምክንያቱ ራሱ በሚያከራክርበት ጽሑፍ «ስለ» ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው አሉታ ሲገባ ነው። እንግሊዝኛው ማሰሪያውን በአሉታ አስቀድሞ ምክንያቱን ሲያስከትል፥ ዐረፍተ ነገሩ ሁለት ፍች ሊሰጥ ይችላል። አማርኛ ግን «ስለዘነበ ከሐይቅ ወደ ደሴ አልሄደም» እና «ከሐይቅ ወደ ደሴ የሄደው ስለዘነበ አይደለም» ብሎ ይለያል። በፊተኛው ሰውየው ቀርቷል፤ በኋለኛው ሄዷል። ተርጓሚው ዐውዱን ሳይመረምር አንዱን ቢመርጥ፥ በውል ወይም በፍርድ ጽሑፍ ላይ እውነቱን ሊገለብጠው ይችላል።

ስለዚህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለእንግሊዝኛው አያያዥ አንድ አቻ ቃል ብቻ ከመስጠት ይልቅ፥ «ስለ»ን፥ «ና»ን፥ ቦዝ አንቀጽንና በ«አ» እና በ«አስ» የሚጀምሩትን ግሦች ከነምሳሌያቸው እንዲያሰፍሩ እናሳስባለን።