«ዳይሃርድ» ስለሚባለው ቃል

አንዳንድ ወጣቶች ስለሚወዱት የእግር ኳስ ቡድን ሲናገሩ «እኔ ዳይሃርድ ነኝ» ይላሉ። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ፍችውም «ጠንክሮ የሚሞት» ማለት ሲሆን፥ እጁን በቀላሉ የማይሰጥን ሰው ያመለክታል። ነገር ግን ሰው በቃል ከመመካቱ በፊት ቃሉ ከየት እንደ መጣ ሊመረምር ይገባዋል።

በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር «ጠንክሮ ሞተ» ይባል የነበረው፥ በስቅላት ሲቀጣ ሳይፈራም ሳይጸጸትም ለሚሞት ወንጀለኛ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1811 ዓ.ም. ግን ቃሉ ክብር አገኘ። በስፔን አገር አልቡዌራ በተባለ ስፍራ እንግሊዞችና ተባባሪዎቻቸው ከናፖሌዎን ጦር ጋር ሲዋጉ፥ የ57ኛው ሬጅመንት አዛዥ ኮሎኔል ዊልያም ኢንግሊስ ክፉኛ ቆሰለ። ወደ ኋላ አልወሰድም ብሎ በወደቀበት ሳለ፥ ወታደሮቹን «ጠንክራችሁ ሙቱ!» እያለ አበረታታ ይባላል። ከወታደሮቹም ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጡት ሞቱ ወይም ቆሰሉ፤ ሬጅመንቱም በዚህ ስም ተጠራ።

መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1911 ዓ.ም.፥ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ያጸደቀውን ሕግ የመሻር ሥልጣናችን አይነካም ብለው የታገሉ የእንግሊዝ መኳንንት ይኸው ስም ተሰጣቸው። እነርሱ ግን በ131 ድምፅ ለ114 ተሸነፉ።

እንግዲህ አስተውል። ወንጀለኛው፥ ወታደሩና መኰንኑ በአንድ ስም ተጠሩ። ቃሉ እግር አጥብቆ መቆሙን ያያል እንጂ በምን ላይ እንደ ቆመ አይጠይቅም። ጉድለቱም ይህ ነው። እኛ ግን በእውነት ላይ የቆመውን «ጽኑ»፥ በስሕተቱ ላይ የቆመውን «ግትር» ብለን እንለያለን። እንግሊዝኛም ቢሆን ለሁለቱ የተለየ ቃል አያጣም፤ እኛ የተዋስነው ግን የማይለየውን ነው።

ሁለቱን እንዴት እናውቃቸዋለን ብትል፥ ጽኑ ሰው ምክንያቱን ቢጠይቁት ያስረዳል፤ ግትር ሰው ግን ይቆጣል። ስለ አንድ ጨዋታ ብሎ ከወዳጁ የተቀያየመ ወጣት ጸናሁ ሊል አይችልም።

ስለዚህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ «እስከ መጨረሻ እጸናለሁ» ከማለትህ፥ ከማለትሽም በፊት «ስለ ምን?» የሚለው ጥያቄ ይቅደም። መልሱ የሚያሳፍር ከሆነ መመለስ ሽንፈት አይደለም።