ያው መጽሐፍ ነውን?

የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ሳለ አንድ ነገር መስሎ ቢታይም፣ ወደ ደጓሽ እጅ ገብቶ ጅማቱ ሲፈታ፣ ገበታው ከወይራ ወይም ከዋንዛ፣ ቅጠሉ ከፍየል ወይም ከበግ ሌጦ፣ ቀለሙ ከጥላሸት፣ ልብሱ ከቀይ ቆዳ የተገኘ፣ እያንዳንዱም በየራሱ ዕድሜ የሚያረጅ የብዙ ነገሮች ማኅበር ሆኖ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚደክመው የጀርባው ስፌት ነው፤ ከዚያም ገበታው ይሰነጠቃል፤ ዕለት ዕለት ሲገለጥ የኖረውም የመጀመሪያው ጥራዝ በአንባቢው አውራ ጣት ወዝ ጠቁሮ ይረግፋል። እንግዲህ በዚህ ሙያ የምንኖር ሰዎች ዛሬ ጅማቱን፣ ነገ ገበታውን፣ ሌላ ጊዜም የጎደለውን ቅጠል እየተካን፣ ባለቤቶቹ «የአባቶቻችን ዳዊት» ብለው የሰጡንን «የአባቶቻችሁ ዳዊት እነሆ» ብለን ስንመልስ፣ ቃላችን እውነት የሚሆነው በምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።

የግሪክ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ በመርከብ መስለው ተከራክረውበታል። ፕሉታርኮስ እንደ ጻፈው፣ የአቴና ሰዎች የጥንቱን ጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ስለ ነበር፣ ከፈላስፎቹ ገሚሱ ያው ነው፣ ገሚሱም ያው አይደለም ይሉ ነበር፤ እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1655 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ሰው የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ በቀድሞ ሥርዓታቸው ቢገጥማቸው ከሁለቱ መርከቦች የቴሴዎስ ሊባል የሚገባው የትኛው ነው ብሎ ነገሩን አጠበቀው። ሆብስ በሐሳብ ያቆመው ሁለተኛ መርከብ በእኛ ዘንድ በግብር የሚገኝ ነው፤ ቅጠሉ ያለቀበት ደኅና ገበታ አይጣልምና፣ ልኩ ለተስማማው ለሌላ መጽሐፍ ልብስ ይሆናል፣ ከዘመናት በኋላም የሚያየው ሁሉ ገበታውና ቅጠሉ አብረው የተወለዱ ይመስለዋል።

ይህን ምስጢር የሚገልጠው ስፌቱ ነው። ጅማቱ ከፊተኛው ገበታ ጠርዝ ተነሥቶ፣ በየጥራዙ እጥፋት እየገባና እየወጣ፣ ከቀደመው ስፌት ጋር እንደ ሰንሰለት እየተያያዘ ወደ ኋለኛው ገበታ ስለሚደርስ፣ ከመጀመሪያው አብረው የተሰፉ ገበታና ጥራዝ ቀዳዳቸው ትይዩ ነው። በእጥፋቱ ላይ ጅማት የማያልፍባቸው፣ አፋቸው በትቢያ የተደፈነ ባዶ ቀዳዳዎች ከተገኙ ግን፣ ያ ጥራዝ ቀድሞ በሌላ ስፌት ታስሮ እንደ ነበር ደጓሹ ያለ ሌላ ምስክር ያውቃል።

የመጽሐፍ ዕድሜም እንዲሁ አንድ ብቻ አይደለም፤ በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁትን ወንጌሎች፣ ትውፊቱ አባ ገሪማ ፀሐይ ቆማላቸው በአንድ ቀን ጻፏቸው ይላል። በኦክስፎርድ ከብራናው ጥቂት ቁራጭ ተወስዶ በካርቦን ሲመረመርም፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ የሚወድቅ ዕድሜ ተገኝቶለታል። ይህ ምርመራ ታላቅ ነገር ቢሆንም የሚናገረው እንስሳው የሞተበትን ዘመን ነው፤ ፊደሉ የተጣለበትን ዘመን የጽሕፈት አዋቂ፣ ጥራዙ የታሰረበትን ደግሞ ስፌት የሚያውቅ ሰው ይመሰክራሉ። አንዱ መጽሐፍ ሦስት ልደት ያለው ሲሆን፣ ዕድሜው ስንት ነው ብሎ በደፈናው መጠየቅ የትኛውን ልደት እንደሚሹ ሳይናገሩ መጠየቅ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በብራና ላይ አንዳንድ ጊዜ ቆዳው ሲገፈፍ ወይም ሲፋቅ የተበሳ ቀዳዳ ይገኛል፤ ጸሐፊው ቀዳዳውን አልፎ ቃሉን ከማዶ ይቀጥለዋል እንጂ በዚያ ምክንያት ቅጠሉን አይጥለውም። ያን መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው ቃሉን ሁሉ ያለ ነቁጥ ጉድለት ሲያሳልፍ ቀዳዳውን ግን አይገለብጥም፤ ቢገለብጠውም ይሳቅበታል። ቃሉ በሁለቱም ምሉዕ ነው፣ ቅጠሉ ግን አንድ ብቻ ነው። በአድባራት «የወርቅ ወንጌል» እየተባሉ በተጠበቁት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነገሥታቱና መኳንንቱ የሰጡት ርስትና ጉልት ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር፤ የማቴዎስ ወንጌል በአዲስ ብራና ቢገለበጥ ያው ወንጌል መሆኑን ካህን ሁሉ ያምናል፣ የጉልቱ ቃል ግን በአዲስ እጅ ተገልብጦ ቢቀርብ ባላጋራው የፊተኛው ቅጠል ይምጣ ማለቱ አይቀርም።

በተአምረ ማርያም እንደምናየውም፣ በየተአምሩ መጨረሻ የገባው የባለቤቱ ስም፣ መጽሐፉ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም በቦታው ይጻፋል። የተፋቀው ስፍራ ሳስቶ ስለሚቀር፣ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ያነሣ ሰው የፊተኛውን ስም ርዝራዥ ያያል። የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዘው የመጨረሻው ገጽ ግዝት ዝም ብሎ ሳለ ስሙ ብቻ ስንት ጊዜ ተለውጧል!

በዚህ ምክንያት በሥራዬ የምጠብቀው ሥርዓት አለኝ። የጎደለውን ቅጠል ስተካ በዘመኔ እጅ አጽፈዋለሁ እንጂ በጢስ አጠልሽቼ አሮጌ አላስመስለውም፤ ባዶዎቹን ቀዳዳዎች አልደፍናቸውም፤ የወለቀውን ገበታ ከመጽሐፉ ጋር በማኅደሩ አኖረዋለሁ፤ የተካሁትንም ነገር በመጨረሻው ገጽ በአጭር ቃል እጽፋለሁ።

ያው መጽሐፍ ነውን ብሎ ለሚጠይቀኝም አስቀድሜ ለምን ጉዳይ እንደሚፈልገው እጠይቀዋለሁ። ለጸሎት ከሆነ፣ ቃሉ እስካልጎደለ ድረስ ያው ነው፤ በኅዳጉ የተጻፈውን ስጦታ ለማስረዳት ከሆነ፣ ያ ቅጠል እስካለ ድረስ ብቻ ያው ነው፤ የአባቶቹ እጅ ያረፈበትን ለመዳሰስ ከሆነ ደግሞ ገበታውን ለይቼ ይህ የእነርሱ ነው፣ ይህኛው የእኔ ነው እለዋለሁ። ሦስቱም መልስ እውነት ነው፤ ሐሰተኛ የምሆነው የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላው ስሰጥ ነው።